ሲስተር ብርቅዬ ስትፈትን

በ1977 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ የአዋላጅነት መምህርቷ ሲስተር ብርቅዬ አበጋዝ አንድ ወንድ ተማሪዋን አዋለደች ተብሎ ተወራ። ተማሪው ሰው አዋለደ አይደለም የተባለው፤ ራሱ ወለደ ነው። ታችኛው ከተማ ሲቀላ ውስጥ ሲወራ የተወለደው ልጅ ወንድ ነበር። ዳገቱን ወጥቶ ላይኛው ከተማ ሴቻ ሲደርስ ሴት ሆነ። በጠዋቱ አውቶቡስ ምዕራብ ዓባያ የገባው ወሬ ደግሞ መንታ ነው፤ ያውም አንደኛው ጥርስ አብቅሎ። ጫኖ ያሉ አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ፣ «ይኼ መንግሥት ያልሞከረው ይኼ ብቻ ነበር» አሉ ይባላል። አጠገባቸው የነበረው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቀና ብሎ ሲያያቸው ግን፣ «ስለ ዝናቡ ነው የማወራው» ብለው ካዱ።

እውነቱ ይኸውና። ተማሪው አልወለደም። አልጋው ላይ መውጣቱ ልክ ነው። ሁለት እግሩን ብረቱ ላይ መስቀሉም ልክ ነው። መጮሁ እንኳ ልክ ነው። ደም የነካው ጋዋን ለብሶ፣ ሕፃን ታቅፎ ከማዋለጃ ክፍል ሲወጣም ያየ አይቶታል። ችግሩ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን አለመሆናቸው ነው። አገናኝታ የሰፋቻቸው የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ወርቄ ናት። ወርቄ ያየችውን እንዳለ ማውራት እንደ ስስት ትቆጥረዋለች።

የአልጋው ነገር እንዲህ ነው። ሲስተር ብርቅዬ አንድ የአዋላጅነት ተማሪ ወላድ እንዲነካ ከመፍቀዷ በፊት፣ መጀመሪያ እሱን ራሱን ማዋለጃ አልጋ ላይ ታወጣዋለች። እግር ይሰቀላል። ሌላ ተማሪ እጁን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብና ሳያሞቅ የተኛውን ሆድ ይመረምራል። በሩ ሆን ተብሎ ክፍት ይተዋል፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን ያስገባል። አንዴ እዚያ ተኝቶ ጣሪያ የቆጠረ ተማሪ፣ ከዚያ ወዲያ በር ሳይዘጋና እጁን ሳያሞቅ፣ «እህቴ፣ ልነካሽ ነው» ሳይልም ሴት አይነካም። ሴቶቹ ተማሪዎች እያፈሩ ይስቁና ያልፉታል። ዳልጮ ኦይታ የተባለው የዶርዜ ልጅ ግን፣ የክፍል ጓደኛው ፀዳለ በረዶ የመሰለ እጇን እምብርቱ ላይ ስታሳርፍበት፣ ኮሪደሩን በጩኸት አናጋው። ወርቄ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ነበረች። የቀረውን ሲቀላ ጨረሰው።

ሲስተር ብርቅዬ ወሬውን ስትሰማ አልተቆጣችም። «መንታ ከሆነ ለኔም እድገት ይገባኛል» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እሷ እንዲህ ናት። ያደገችው ጨንቻ ገበያ ዳር ነው፤ አባቷ ጨውና በርበሬ ሲሸጡ እሷ መደቡ ሥር ተቀምጣ ጋሞኛውን ከአማርኛው እኩል ለቀመች። አዲስ አበባ ተምራ ነጭ ቆብ ደፍታ ስትመለስ፣ ሴቶቹ «የአበጋዝ ልጅ ናት» ብለው አመኗት እንጂ ቆቡን ብለው አይደለም። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከመንገድ ሲመለስ እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ምሳ አታስጠጋውም እየተባለ ይታማል። ይኼኛው ሐሜት እውነት ነው።

ተማሪ ስትፈትን የምትቆመው ከአልጋው ግርጌ፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በግራዋ የቀኝ አንጓዋን ጨብጣ ነው። የማያውቅ ሰው ኩራት ይመስለዋል። ኩራት አይደለም፤ ደንብ ነው። ተማሪው አንዲት እናት ከምጥ እስከ መጨረሻው ፈታኞች ፊት ያዋልዳል። ፈታኝ አይናገርም፣ አይጠቁምም። እናቲቱ አደጋ ላይ ስትወድቅ ብቻ እጁን ያስገባል፤ ያስገባ ዕለት ግን ፈተናው እዚያው ላይ አበቃ፣ ተማሪውም ወደቀ። የሲቀላን ግማሽ የተቀበለ እጅ ዝም በል ሲባል መቼ ዝም ይላል? ያሳክካል። ስለዚህ ትጨብጠዋለች።

በዚያ ዓመት ፈተና መጨረሻ ላይ የቀረው ዳልጮ ብቻ ነበር። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያስቀረው ጨዋነቱ ነው። የጋሞ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀው ጎሳውን ነው፤ በጎሳ አንድ የሆኑ ወንድና ሴት፣ ባይተዋወቁም እንኳ፣ እህትና ወንድም ናቸው፤ ወንድም ደግሞ የእህቱን ገላ አያይም። የመጀመሪያዋ ወላድ አልጋው ላይ እንደወጣች፣ «አንተ ልጅ፣ ጎሳህ ምንድን ነው?» አለችው። ነገራት። ሴትዮዋ ምጧን ይዛ ከአልጋው ወረደችና ሌላ አዋላጅ ጠየቀች። ሁለተኛዋ የሌላ ጎሳ ነበረች፤ ግን የእናቷ ጎሳ የእሱ ሆኖ ተገኘ። እሷም ወረደች።

ሲስተር ብርቅዬ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አንተ! ሌላ ጎሳ ጥራ ብዬህ አልነበረም?»

«ሲስተር፣ ጎሳን መዋሸት ጎሜ ነው።» ጎሜ ማለት ነውሩ ከሰው ቢሸሸግም መዓቱ በቤተሰብ ላይ መውረዱ የማይቀር ክልክል ነገር ነው።

«አባትህ ወንጌላዊ አይደሉም እንዴ? አንተስ ጴንጤ አይደለህ?»

«ነኝ ሲስተር። እኔ ጎሜን ትቼዋለሁ፤ እሱ ግን እኔን መተዉን አልነገረኝም።»

ሲስተር ብርቅዬ ሳቋን ለማፈን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤት የወደቀ ወንድ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ስሙ ለቀበሌው ይተላለፋል፣ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘግበዋል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ከመጣ መጣ። ከዳልጮ በፊት የነበረው ወንድ ተማሪ እንደዚያ ሄዶ ነበር። እሱን የጣለችው ሲስተር ብርቅዬ ናት፤ ሊጣል የሚገባው ነበርና አልተጸጸተችም። ይኼኛውን ግን በዓይኗ አይታዋለች፤ እጁ አዋላጅ ነው። እጁ አዋላጅ የሆነን ልጅ ለጠመንጃ አሳልፎ መስጠት አላማራትም።

ከአዲስ አበባ የመጡት የውጭ ፈታኝ አቶ ብርሃነመስቀል ይባላሉ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ክራባት የማይፈቱ፣ ቀጥ ያሉ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው አበቡ የምትባል ሴት ከጫኖ በበቅሎ ጋሪ መጣች። ባሏ ሙዝ አልሚ ነው፤ እሷ ደጋ ተወልዳ ቆላ ያገባች ናት። ከጋሪው ራሷ ወረደች፣ ጋቢዋን አስተካከለች፣ አልጋው ላይ ወጥታ ዝም አለች።

አቶ ብርሃነመስቀል አዩዋት። «ይቺ እንኳ ገና ናት፤ ድምፅዋም የለም። ምሳችንን በልተን ብንመለስስ?»

ዳልጮ እጁን እያሞቀ ነበር። «ጓድ፣ ምሳው ቢቆይ ይሻላል። የእኛ አገር ሴት ምጥ ላይ አትጮህም። የጋቢዋን ጫፍ ይዩት፤ ነክሳ በስታዋለች።»

ሲስተር ብርቅዬ አንጓዋን ጨበጠች። ቅንድቧ ብቻ ወደ አቶ ብርሃነመስቀል ሄዶ ተመለሰ።

ዳልጮ በሩን ዘጋ። «እህቴ፣ ልነካሽ ነው» አለ በጋሞኛ። አበቡ ጋቢውን ከጥርሷ አወጣችና የፈራው ነገር መጣ።

«አነጋገርህ የኛ ሰፈር ነው። ጎሳህ ምንድን ነው?»

ዳልጮ ወደ ሲስተር ብርቅዬ አየ። ሲስተር ብርቅዬ ወደ መስኮቱ አየች። ልጁ እውነቱን ተናገረ።

«ወይኔ ወንድሜ!» አለች አበቡ። ደስ ብሏት ነው፤ ደንግጣም ነው። ልትነሳ በክንዷ ተደገፈች። ምጡ መልሶ አስተኛት።

«እህቴ፣ አትውረጂ፤ ልጁ በር ላይ ነው። አንድ ነገር ልበልሽ። ጋቢሽን ከላይ እናልብስሽ። እጄ ከሥር ይሥራ፤ ዓይኔ ከፊትሽ አይወርድም። ወንድም የእህቱን ፊት ማየት ይከለከላል?»

አበቡ አሰበች። በምጥ መሀል የሚታሰበውን ያህል። «ዓይንህ ከወረደስ?»

«ከወረደ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።»

«እሺ። አንቺ ጋቢውን አልብሺኝ» አለች ፀዳለን፤ ፀዳለ ለእርዳታ ቆማ ነበር።

አቶ ብርሃነመስቀል አፋቸውን ከፍተው ደንቡ ትዝ ሲላቸው ዘጉት። የዳልጮ አባት ወንጌላዊም ሸማኔም ናቸው። ዶርዜ መደብ ላይ የተቀመጠ ሸማኔ ዓይኑ ከመንገደኛ ጋር እየተጫወተ፣ ክሩ የት ጋ እንደላላ በጣቱ ያውቀዋል። ይኸው እንደዚያው ዓይኑን ፊቷ ላይ ተክሎ፣ ከጋቢው ሥር እጁ ሄደ። «ጭንቅላቱ ወጣ። አሁን አትግፊ፣ ቱፍ ቱፍ እያልሽ ተንፍሺ። ጎበዝ። እትብቱ አንገቱ ላይ አልተጠመጠመም። አሁን ግፊ፣ እህቴ!» ሕፃኗ ከነጩ ጋቢ ሥር ወጥታ የክፍሉን ሰው ሁሉ ሰደበች። ሴት ናት። እናቷ ያልጮኸችውን እሷ ጮኸችላት።

ሲስተር ብርቅዬ ልቧ ሞቀ። አለፈ፣ ብላ አሰበች። እንግዴ ልጁም ሙሉውን ወጣ፤ ዳልጮ በጣቱ ዳብሶ «ሙሉ ነው» አለ። እሷም ከሩቅ አየችው፤ ሙሉ ነው።

ከዚያ ድምፅ ሰማች። ከአልጋው ሙሻማ ጠርዝ ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይል የነበረው ነገር መቋረጡን ትቶ መፍሰስ ጀመረ።

ዳልጮም ሰምቶታል። ፊቱ ላይ የነበረው ላብ ደረቀ። «እህቴ፣ ደም እየፈሰሰሽ ነው። ገልጬ ማየት አለብኝ።»

«አይሆንም!»

«ከየት እንደሚመጣ በእጄ ብቻ አላውቅም። ተቀዶ ይሆናል፣ ማህፀንሽ ለስልሶም ይሆናል። ማየት አለብኝ።»

«ምለህልኛል! ጎሜ ነው፣ ለልጄ ይተርፋል!»

ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ሲስተር ብርቅዬ አንጓዋን እስኪያማት ጨብጣዋለች። እጇ ከገባ ልጁ ወታደር ነው። ካልገባ የዚች ሴት ጋሪ ባዶውን ወደ ጫኖ ሊመለስ ነው። እስቲ አንድ ትንፋሽ፣ አለች በሆዷ፤ ያውቀዋል፣ አስተምሬዋለሁ፣ ይገልጠዋል። ደሙ ባልዲው ውስጥ ይፈሳል። አቶ ብርሃነመስቀል ክራባታቸውን ያዙ። የአበቡ ከንፈር አመድ መሰለ። ግለጠው እንጂ አንተ፣ ግለጠው!

«ጎሜው እኔ ላይ ይሁን!» አለ ዳልጮ፤ ጋቢውን በአንድ እጁ ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን ወደ ሆዷ ሰደደ። በዚያው ቅጽበት የሲስተር ብርቅዬ እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ከጀርባዋ አምልጦ ሄደ። መዳፏ ያረፈው የዳልጮ እጅ ጀርባ ላይ ነው። ጣቶቿ ግን ረጃጅም ናቸው፤ ከእሱ እጅ ተርፈው የአበቡን ሆድ ነኩ። ማህፀኑ ሊጥ ነው። እሳት እንደፈጀው ሰው እጇን መለሰች።

ዳልጮ አላያትም። ማህፀኑን አግኝቶ ማሸት ጀምሯል። «ፀዳለ፣ መርፌውን፣ ጭኗ ላይ! ሕፃኗን አጥቢያት፣ እህቴ፣ ጡትሽን ስጫት!» እያለ አሸ። ደግሞ ገልጦ አየ፤ በደንብ አየ፤ የተቀደደ የለም። አሸ። ከእጁ ሥር ያ ሊጥ ቀስ በቀስ ጠነከረና እንደ ጥሬ ማንጎ ድርቅ አለ። ባልዲው ወደ ጠብታ ተመለሰ፤ ከዚያ ዝም አለ።

አበቡ ነፍሷ ስትመለስ የመጀመሪያው ቃሏ ክስ ነበር። «አየህ አይደል?»

«አየሁ።»

«እንግዲህ ጎሜው እንዲነጻ በግ ታርዳለህ።»

«አባቴ ወንጌላዊ ናቸው እኮ፣ እህቴ። ለእንዲህ ያለው በግ አያርዱም፣ ይጸልያሉ።»

«ይጸልዩበት! በጉ ላይ ይጸልዩበትና ይታረድ። እኔ ጸሎት አልከለከልኩ።» ትንሽ አረፈችና ሕፃኗን በአገጯ አመለከተች። «አጎቷ አንተ ነህ። ለሰዎቼ አንተ አውጥተህ አሳያት።»

ታቅፎ ወጣ። ወርቄ በሩ ላይ ነበረች። እሱን ነግረናችኋል።

ከሰዓት በኋላ የማሠልጠኛው ኃላፊ አቶ ካሱ ቢሮ ውስጥ ሦስቱ ተቀመጡ፤ ኃላፊው፣ አቶ ብርሃነመስቀልና ሲስተር ብርቅዬ። አቶ ካሱ የደንብ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን ደንብ ያልያዘ ሰው ምን እንደሚይዘው ያውቃሉ።

«ሲስተር፣ በአጭሩ። ነክተዋል ወይስ አልነኩም?»

«ነክቻለሁ።»

«እንግዲያው አለቀ።»

«አላለቀም» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል። «መዳፋቸው ያረፈው ልጁ እጅ ላይ ነው። ልጁ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።»

«ጣቶቼ ግን እሷን ነክተዋል» አለች ሲስተር ብርቅዬ።

አቶ ብርሃነመስቀል አፈጠጡባት። «ሲስተር፣ እኔ የማን ጠበቃ ነኝ?»

«የልጁ። ጥሩ ጠበቃ ነዎት፣ ይቀጥሉ። እኔ ግን የነካሁትን አልነካሁም አልልም። ልጁ ጎሳውን ሳይዋሽ እዚህ ደርሶ፣ እኔ በጣቴ ልዋሽለት?»

አቶ ካሱ እስክሪብቶ አነሱ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ፈታኝ የሚያስገባው እናት አደጋ ላይ ስትወድቅ ነው። አስገብተዋል። አደጋ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ዘግይተው ነው ያስገቡት። ባልዲውን ወርቄ አሳይታኛለች፤ ያ ሁሉ ሲፈስ ልጁ ከሴትዮዋ ጋር ስለ ጎሜ ይከራከር ነበር።»

«ዘግይተው? ቸኩለው ነው እንጂ!» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል። «ጋቢው አየር ላይ ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ትንፋሽ ቢታገሡ ኖሮ ይኼ ስብሰባ አይኖርም ነበር። እሳቸው ስለ ቸኮሉ ልጁ ለምን ይወድቃል? መርፌውን ማን አዘዘ? ማህፀኑን ማን አጠነከረ? እኔ እኮ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ገና ናት ብዬ ምሳ ልሄድ ነበር! እሱ ባይኖር ዛሬ የሚጠየቀው እኔ ነበርኩ።»

ሲስተር ብርቅዬ በዚህ ጊዜ ተነስታ ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አላደረገችም። «ጓድ ካሱ፣ ይስሙኝ። እኔ ልጅ ስጥል አይተውኛል። ያዘንኩለትም የጣልኩትም አለ፤ አዝኜለት ያሳለፍኩት ግን የለም። ዳልጮ አዋላጅ ነው። ዶርዜ ላይ አንዲት ሴት በር ዘግታ ስትሞት፣ ያን በር የሚያስከፍት ሰው ከዚህ ልጅ ሌላ የለኝም። ክራባት አያስከፍተውም፣ የኔም ቆብ አያስከፍተውም። ፈታኟ ተሳስታ እጇን አስገብታለች ብለው ይጻፉ፤ እፈርማለሁ።»

«ፈታኝ ተሳሳተ ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ እኮ ወረቀቱ ላይ የለም» አሉ አቶ ካሱ፣ የእውነት ጨንቋቸው።

«ከጎኑ ባዶ ቦታ አለ።»

አቶ ብርሃነመስቀል ሳቁ። ደንቡ ፈታኞችና ማሠልጠኛው ካልተስማሙ የውጭ ፈታኝ ይወስናል ይላል፤ አቶ ካሱም ይህ ትዝ ሲላቸው ሸክማቸው የወረደ መሰለ። ጎኑ ላይ ተጻፈ፤ ሲስተር ብርቅዬ ፈረመች። አቶ ብርሃነመስቀል ከሥር «አልፏል» ብለው ጻፉና ቀኑን አስቀመጡ። ውጭ ማንጎው ሥር የቆመው ዳልጮ በመስኮቱ ተነገረው። አልዘለለም፣ አልጮኸም። ቁጭ አለና ጫማውን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

አቶ ካሱ ተነሱ። አቶ ብርሃነመስቀልም ቦርሳቸውን ዘጉ፤ አውቶቡሱ ጠዋት ነው። ሲስተር ብርቅዬ ብቻ መልሳ ተቀመጠች። ቀኝ መዳፏን ጭኗ ላይ ገልብጣ ታየዋለች።

«ቆይ» አለች፤ «አንዳችሁ ዘግይተሻል ብላችኋል፣ አንዳችሁ ቸኩለሻል። ልጁን ተዉት፤ እሱ አልፏል። ሴትዮዋን ብቻ አስቡና ንገሩኝ፤ ፈጠንኩ ወይስ ዘገየሁ?»

አቶ ካሱ የቢሮውን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ይፈልጉ ጀመር። አቶ ብርሃነመስቀል ክራባታቸውን አጠበቁ።